ቅጠሉ ምን ነበር?

በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከቤተሰብ ጋር ያሳለፍነው አንድ ቅዳሜ



የሥራው ሳምንት አልቆ ቅዳሜ ሲመጣ በብዙዎቻችን ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ልጆች «ዛሬስ የት ትወስዱናላችሁ?» ይላሉ። እናት የተከመረውን ልብስ ታያለች፤ አባት የኪሱን ነገር ያሰላል። በመጨረሻም ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ወይም ስልክ ላይ አቀርቅረው ቀኑ ይመሻል። ይህ በእናንተ ቤት ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በእኔም ቤት ያለ ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከዚህ ልማድ ወጥተን ስላሳለፍነው አንድ ቅዳሜ ነው። የሄድነው ሩቅ አገር አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ወዳቋቋሙት ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ወደዚያ የወሰደኝ ምክንያት ግን መዝናናት ብቻ አልነበረም። ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ካቻምና በነሐሴ ወር ነው። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ትንሹ ልጄ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቀን ውጭ ሲጫወት ውሎ ወደ ማታ ግድም ትኩሳት ያዘው። ራሱን አመመው፤ ከንፈሩም ውኃ ቋጠረ። እንደ ማንኛችንም እናት «ምች ነው» አልሁ። መድኃኒት አዋቂዋ እናቴ በዚያ ሰሞን አገር ቤት ነበረች። ስለዚህ ዳማ ከሴ እንዲያመጡልኝ ሰፈር ውስጥ አስጠየቅሁ። አንዲት የጎረቤት ልጅ ከወንዙ ዳር ቅጠል ቆርጣ አመጣችልኝ። አላየሁትም፤ አላሸተትሁትም፤ ባሸተውም አላውቀውም ነበር። ጨምቄ፣ በቡና አድርጌ አጠጣሁት። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ልጁን ያስመልሰው ጀመር። ሆዱን ይዞ ተጥመለመለ። በዚያው ሌሊት አቅፈን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን።

ተረኛዋ የጤና ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «ቅጠሉ ምን ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። «ዳማ ከሴ መስሎኝ…» ብዬ ተንተባተብሁ። «ከቅጠሉ የተረፈ አለ?» አለችኝ። እሱንም ደፍቼዋለሁ። ትምህርቴን ጨርሼ፣ በመሥሪያ ቤት ሰነድ አገላባጭ ሆኜ፣ ለአንዲት ብር ደረሰኝ የምጠይቅ ሴት፣ በገዛ እጄ ለልጄ ያጠጣሁትን ነገር ስም አላውቅም። ደግነቱ ልጁ ሲነጋ ሻል አለው፤ በማግሥቱም ድኖ ቤቱ ገባ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ጤናዋ ስላልተመቻት ከመንዝ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእርሻና ከጓሮ የመጣ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? በመስኮት ስታይ ትውላለች። «እዚህ አገር መሬቱ የት ሄደ?» ትለኛለች። ልጆቹ ይወዷታል፤ ነገር ግን የምትናገረውን ግማሹን አይሰሟትም። እሷም ከእነሱ ትምህርት ጋር የሚገናኝ ነገር ያላት አይመስላትም። እንግዲህ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጄንና ትንሹን ይዤ፣ ባለቤቴም ስንቁን ተሸክሞልን፣ ወደ ጉለሌ ያቀናነው በዚህ ሁኔታ ነው።

የዕፅዋት ማዕከል ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንዶቻችሁ «ፓርክ ከሆነ በየሰፈራችን አለ፤ ይህስ በምን ይለያል?» ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ይኸውላችሁ። ፓርክ ለማረፊያና ለመናፈሻ ይተከላል። የዕፅዋት ማዕከል ግን ማረፊያም ቢሆን ዋና ተግባሩ ሌላ ነው። ተክሎቹ ከየት እንደመጡ ይመዘገባል፤ ስማቸው ተጣርቶ ይጻፋል፤ እየጠፉ ያሉት ዘራቸው እንዳይቋረጥ ይባዛሉ፤ ተማሪዎችና ተመራማሪዎችም ይማሩባቸዋል። በአጭሩ ለዕፅዋት እንደ ቤተ መጻሕፍት ያለ ቦታ ነው፤ መጻሕፍቱ በሕይወት ያሉ ናቸው እንጂ።

የጉለሌው ማዕከል 705 ሄክታር ስፋት አለው። ከከተማው መሀል በስተሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተራሮች ምዕራባዊ ክንፍ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ቦታው ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ስለዚህ አየሩ ቀዝቃዛና ቀጭን ነው፤ ዳገቱንም በዝግታ መውጣት ያሻል።

በአውቶቡስ ተሳፍረን፣ ቀሪውን በታክሲ ጨርሰን፣ ጥቂት ደግሞ በእግራችን ስንወጣ፣ ከላይ በኩል እንጨት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ቁልቁል ይመጡ ነበር። ሸክሙ ከጀርባቸው አልፎ መንገዱን ይሞላል። እናቴ ልጆቹን ወደ ዳር ሳብ አድርጋ፣ ራሷም ቆማ አሳለፈቻቸው። «አይዟችሁ፣ በርቱ» አለቻቸው። ከዚያም ለሴት ልጄ «እኔም እንዲህ ተሸክሜ ነው እናትሽን ያሳደግሁ» አለቻት። ልጄ ይህን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም ነበር።

የእንጦጦ እናቶች የሚሸከሙት ያ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ታሪኩም ከከተማችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ በአካባቢው የነበረው የአገር በቀል ዛፍ እየተቆረጠ አለቀ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ መጥቶ መተከል ጀመረ። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማይቱን ከማገዶ እጦት ያዳናት እርሱ መሆኑ የሚካድ አይደለም። ይሁንና ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አይበቅልም፤ ውኃም ይጠጣል። ማዕከሉ ከተያዘባቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ቀድሞ የነበሩትን የአገር ዛፎች መመለስ ነው። ይህንንም ስትሰሙ እንጨት ተሸካሚዎቹን እናቶች አትርሱ። ዛፍ ሲለወጥ የእነሱም እንጀራ አብሮ መታሰብ ይኖርበታል። ከእነሱ መካከል ተደራጅተው ወደ ሽመና ሥራ የገቡ መኖራቸው፣ ሌላ መንገድ ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል።

«የገና ዛፍ!»

ግቢው ውስጥ ስንገባ አንዲት ወጣት የማዕከሉ ሠራተኛ ልታስጎበኘን ተቀበለችን። ገና ጥቂት እንደተራመድን ትንሹ ልጄ አንድ ትልቅ ዛፍ አይቶ «የገና ዛፍ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ እስኪያማት ሳቀች። «የገና ዛፍ ትላለህ? ይሄማ ጥድ ነው! የአያትህ ቤት ምሰሶ ምን መሰለህ? ምስጥ የማይበላው እንጨት!» አለችው።

አስጎብኚያችን «እማማ ልክ ናቸው» ብላ ጨመረችበት። ይህ የሐበሻ ጥድ ነው። በየአጥራችን ጥግ ተከርክሞ የምናየው ግን ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ነው። ሁለቱንም በአንድ ስም «ጥድ» እያልን እንጠራለን እንጂ አንድ ተክል አይደሉም። መለያውም ቀላል ነው። የሐበሻው ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። የፈረንጁ ፍሬ ደግሞ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ድቡልቡል ሆኖ የሚሰነጣጠቅ ነው። በከተማ ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን ይህን ልዩነት ሳናውቀው ኖረናል።

ከጥዱ ቀጥሎ ወይራ ነበር። እናቴ ቅጠሉን ገልብጣ ጀርባው ወርቅማ መሆኑን ለልጆቹ አሳየቻቸው። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ሲታጠን የሚሰጠውን መዓዛ ስትነግራቸው፣ የማታውቀውን ሽታ ለማሰብ ሴት ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ ብሳና፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ቀጋ፣ አምጃ እያልን ሄድን። ጥቁር እንጨት ስንደርስ አስጎብኚዋ ከቅርፊቱ ለወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ሕመም የሚረዳ መድኃኒት በውጭ አገር እንደሚዘጋጅ ነገረችን። ባለቤቴ ጆሮውን ቀሰረ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ስሙ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ከቆመ አንድ ዛፍ ዘንድ ስንደርስ እናቴ ቆመች። ትላልቅ ቅጠሎቹ ተከፋፍለው የተዘረጉ፣ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ወደ ታች ያንጠለጠለ ዛፍ ነው። እናቴ ዛፉን ገና ከሩቅ ለይታዋለች። የቆመችው ለሰሌዳው ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራ ነበር፤ ኋላ ግን ሳትጠቀምበት ረስታዋለች። ዓይኗን አጥብባ፣ ጣቷን ወደ ሰሌዳው ዘርግታ፣ «ኮ…» አለች። ቆይታም «…ሶ» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ «ኮሶ ነው የሚለው አይደል?» ስትላት፣ ልጄ «አዎ፣ ኮሶ ነው!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

ኮሶ ለእናቴ ትውልድ የልጅነት መራራ ትዝታ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ከሆዱ የኮሶ ትል ስለማይጠፋ በየጊዜው ኮሶ መጠጣት የቤት ወግ ነበር። ዛፉ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ያለው ሲሆን፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው። አስጎብኚያችን ግን አንድ ነገር አጥብቃ ተናገረች፤ እኔም ለእናንተ አጥብቄ አስተላልፋለሁ። ኮሶ መጠኑ ከበዛ መርዝ ነው፤ ዓይን እስከማጥፋት የደረሰ ጉዳት አድርሷል። ዛሬ ለኮሶ ትል በጤና ተቋም የሚሰጥ፣ መጠኑ የታወቀ ክኒን አለ። የኮሶን ዛፍ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ አበባውን በግምት ለልጅ ማጠጣት ሌላ ነገር ነው።

ከልብስ አጣቢ እናቶች የተገኘ ዕውቀት

ወደ መድኃኒት ዕፅዋቱ ስናልፍ እናቴ አንድ ሐረግ መሰል ተክል ይዛ «እንዶድ! ሳሙና ሳይመጣ ሳሙናችን ይሄ ነበር» አለች። እንዶድን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ከጀርባው ያለውን ታሪክ ግን ሁሉም እናት ልታውቀው የሚገባ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። ቢልሃርዝያ ደግሞ ወደ ሰው የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ አንዳንድ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች አማካይነት ነው። ከዚያ ወዲያ እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንዶድን ለዓመታት መረመሩት። ፍሬው በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቀንድ አውጣውን ሳያውቁት ሲገድሉ የኖሩት ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ናቸው። ተመራማሪው ደግሞ አይተው፣ ጠይቀው፣ መዝነው፣ ጻፉት። ዕውቀቱ ባይጻፍ ኖሮ በወንዙ ዳር ይቀር ነበር። እናቶቹ ባይኖሩ ደግሞ የሚጻፍ ነገር አይኖርም ነበር። የእናት ዕውቀትና የትምህርት ቤት ዕውቀት ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ይህን እያሰብሁ ሳለሁ ነው እናቴ «ነይ እስቲ» ብላ የጠራችኝ። ከጉልበቷ ጎንበስ ብላ አንድ ተክል ትመለከታለች። ቅጠሉን ሳትቆርጥ በጣቶቿ መሀል አሸት አድርጋ እጇን ወደ አፍንጫዬ አቀረበችው። ሽታው ራስ ድረስ ይወጣል።

«ዳማ ከሴ ማለት ይሄ ነው» አለችኝ። «ያን ጊዜ ያላወቅሽው።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ እኔ እኮ ጠይቄሽ አላውቅም» አልኋት።

እሷም «እኔም አልነገርሁሽም። ተምረሻል ብዬ፣ የገጠር ነገር ምን ያደርግላታል ብዬ ተውሁት» አለችኝ።

ውድ እናቶች፣ እንግዲህ የአንድ ቤት ዕውቀት የሚጠፋው እንዲህ ነው። ልጅየዋ መጠየቅ ታፍራለች፤ እናትየዋ መናገር ትሰጋለች። በመሀሉ አንድ ሕፃን ስሙ ያልታወቀ ቅጠል ይጠጣል።

ሴት ልጄ በዚህ መሀል ደብተሯን አውጥታ ነበር። አያቷ ትናገራለች፤ እሷ ትጽፋለች። ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ አሪቲ፣ ጭቁኝ፣ ግራዋ፣ ጥንጁት፣ ቀጨሞ። ከእያንዳንዱም አጠገብ «ለቅቤ ማንጠሪያ»፣ «ለሻይ»፣ «ለዕቃ ማጠኛ» ብላ ጻፈችበት። በመጨረሻ ስትቆጥረው ሃያ ሦስት ስም ሆነ። ትንሹም ቢሆን የጦስኝን ቅጠል አሽትቶ «ሻዩ! የአያቴ ሻይ!» ብሎ አስቆናል።

እናቴ ሁሉን ታውቃለች ማለቴ ግን አይደለም። ትልቅ ቅጠል ያለው አንድ ተክል ስታይ «ኮባ ነው፣ የዳቦ መጠቅለያ» አለች። አስጎብኚያችን ፈገግ ብላ «በእኛ አገር እንሰት ነው የምንለው፤ እኔ እሱን በልቼ ነው ያደግሁት» አለቻት። በመንዝ ቅጠሉ ብቻ የሚፈለገው ተክል፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ቆጮና ቡላ ሆኖ ዕለታዊ ምግብ ነው። እናቴ ተገርማ «እንዴት አድርጋችሁ ትበሉታላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱም እናቷና አክስቶቿ እንዴት እንደሚፍቁት፣ እንዴት ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያብላሉት አስረዳቻት። ሁለቱ ሴቶች ቆመው ሲጨዋወቱ እኛ ተረስተን ቆየን።

ስም ለምን ይጣራል?

«ስሙን ማወቅ ይህን ያህል ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር መልሱ ከላይ ያየነው ነው። አንዱ ስም ለሁለት ተክል ይሰጣል፤ አንዱ ተክል በሁለት ስም ይጠራል። መድኃኒቱና መርዙ የሚምታቱትም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ያሉ የዕፅዋት አዋቂዎች ከአገሬው ስም ሌላ ለእያንዳንዱ ተክል በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነ ሳይንሳዊ ስም ይሰጡታል።

በአገራችን ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም። አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረ ብሔራዊ የዕፅዋት ማከማቻ አለ። በዚያ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ተክሎች ደርቀው፣ በወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ የት፣ መቼና በማን እንደተለቀሙ ተጽፎባቸው ይቀመጣሉ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ የሚመዘግብ ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል። ወደ 6000 የሚጠጉ የተክል ዓይነቶች የተመዘገቡበት ሲሆን፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል በዚህ ምድር ብቻ የሚገኝ ነው።

ሥራውን በኢትዮጵያ በኩል በመጀመሪያ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መርተውታል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ የጉለሌውን ማዕከልም የመሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ አገሩ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን ሸልሟቸዋል። ለሴቶች አንባቢያን ደግሞ ይህን ልጨምር። ከመጻሕፍቱ አዘጋጆች መካከል ሁለት ሴት የዕፅዋት አዋቂዎች ይገኛሉ። አንደኛዋ ስዊድናዊቷ ዶክተር ኢንጋ ሄድበርግ ናቸው። ሁለተኛዋ በእንግሊዝ ተወልደው ረጅም ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ያሳለፉት ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። ለእግር ጉዞ፣ ለመልቀምና ለመመዝገብ ወንድ መሆን እንደማያስፈልግ ለሴት ልጄ የነገርኋት የእነሱን ስም ጠቅሼ ነው።

እናንተም ለመሄድ ብታስቡ

ከዚህ ጉዞ የተማርሁትንና ለእናንተ ይጠቅማል የምለውን በአጭሩ ላስፍር።

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የመግቢያውን ሰዓትና ክፍያ ጠይቁ። ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ መስከረም ላይ መስኩ በአደይ አበባ ይሸፈናል። በክረምት መንገዱ ያዳልጣል።

ሁለተኛ፣ ዳገት ስለሆነ የሚመች ጫማ አድርጉ። ነጠላ ብቻ አይበቃም፤ ለልጆች ሹራብ ያዙ። አረጋውያን ካሉ በየመሀሉ ዕረፍት ስጧቸው። የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ የያዝነው ዳቦ፣ ቆሎና በፔርሙዝ ሻይ ነበር፤ ውኃም አልጠፋንም። የላስቲክ ከረጢትና የውኃ ጠርሙስ ግን ከእናንተ ጋር ወደ ቤት ይመለስ።

አራተኛ፣ ልጆች ቅጠልም ሆነ ፍሬ እንዳይቆርጡና እንዳይቀምሱ ከበሩ ላይ ንገሯቸው። ማየት፣ ማሽተትና መጻፍ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተርና እርሳስ ስጡት።

አምስተኛ፣ ከሁሉም በላይ፣ በቤታችሁ አረጋዊት እናት ወይም አያት ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ። አስጎብኚ ቢኖርም እሳቸውን የሚተካ የለም። እሳቸው ይናገሩ፤ ልጆቹ ይጻፉ፤ የማይታወቀውን ከሰሌዳው አመሳክሩ።

ጤናን በሚመለከት ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። ለጨቅላ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ምንም ዓይነት ባህላዊ መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ። ልጅ ያልታወቀ ቅጠል ወይም ፍሬ ከዋጠ በግድ ለማስመለስ አትሞክሩ። ከቅጠሉ የተረፈውን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የሰጣችሁትንም ሳትደብቁ ተናገሩ። ሐኪሙ የሚቆጣ መስሎን የምንደብቀው ነገር ልጁን ሊጎዳው ይችላል።

ጓሮ የለንም ብላችሁም አትዘኑ። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ ከሥሩ በተበሳ የዘይት ጣሳ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጦስኝ ማሳደግ ይቻላል። ፀሐይና ጥቂት ውኃ ይበቃቸዋል። እናቴ ዛሬ የምትውለው መስኮት ላይ ሳይሆን በረንዳው ላይ ነው። ከገበያ ባመጣናቸው ችግኞች አምስት ጣሳ አስተክላናለች። ሴት ልጄ በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ ስሙን በትልልቁ ጽፋ ለጥፋበታለች፤ አያቷም ጠዋት ጠዋት ውኃ ስታጠጣ ፊደሉን እየቆጠረች ታነበዋለች። «ዳማ ከሴ» የሚለው ረጅም ስለሆነ ጊዜ ይወስድባታል፤ ግን ትጨርሰዋለች።

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። የጤና ባለሙያው «ቤት ውስጥ የሰጣችሁት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ልጁ ራሱ መለሰ።

«የጦስኝ ሻይ ነው» አለ። «አያቴ ስሙን ነግራኛለች።»

መልካም ቅዳሜ ይሁንላችሁ።